የኢሚግሬሽን ቢሮው ሲርቅ፦ ከቤት የሚያልቀውን ከቤት፣ የቀረውን በአንድ ጉዞ

አሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። «ቢሮው ከከተማችን ተነሥቶ ራቅ ያለ ቦታ ገባ» ወይም «ኪራይ ሸሽተን ቤት ስንቀይር ቢሮው ሦስት ሰዓት መንገድ ሆነብን፤ አሁን ለእያንዳንዱ ጉዳይ ሥራ እየቀረን መመላለስ ነው?» የሚል ነው። አይደለም። ሰው መንገድ ከሚወጣባቸው ጉዳዮች ብዙዎቹ ከቤት ያልቃሉ። በአካል መቅረብ የማይቀረው በዋናነት ለአሻራ፣ ለኢንተርቪውና ለመሐላ ነው። ለእነዚህም ቢሆን የሚጎዳው ርቀቱ ሳይሆን ሁለተኛው ጉዞ ነው፦ አንድ ወረቀት ጎድሎ፣ አስተርጓሚ ቀርቶ ወይም ቀን ተሳስቶ የሚደገመው።

መመሪያው በዩኤስሲአይኤስ (የግሪን ካርድ፣ የዜግነትና የጥገኝነት ማመልከቻ በሚያየው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት) በኩል ጉዳይ ላላቸው ነው። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ወይም የአይስ (የኢሚግሬሽን ሕግ አስከባሪው መሥሪያ ቤት) ቀጠሮ ያለዎት ከሆነ ደረጃ 7ን ሳያነቡ ምንም አይንኩ።

ከመጀመርዎ በፊት በእጅዎ ይያዙ

- የደረሱዎትን የዩኤስሲአይኤስ ደብዳቤዎች በሙሉ (አብዛኞቹ ራስጌያቸው ላይ «አይ-797» ወይም «አይ-797ሲ» ይላል)
- የኬዝ ቁጥር፦ 3 ፊደልና 10 አኃዝ፣ በድምሩ 13
- ኤ-ነምበር፦ ግሪን ካርድ ወይም ወርክ ፐርሚት ላይ ያለው 8 ወይም 9 አኃዝ
- በራስዎ ስም ያለ፣ የይለፍ ቃሉን እርስዎ የሚያውቁት ኢሜይል
- የማይቀያየር ስልክ ቁጥር
- የመኖሪያዎ ትክክለኛ አድራሻ፣ የአፓርታማ ቁጥሩን ጨምሮ
- ፕላስቲክ ኪስ ያለው አንድ ፎልደር

ደረጃ 1። የራቀው የትኛው ቢሮ እንደሆነ ይለዩ

«ኢሚግሬሽን» ብለን የምንጠራው አንድ ቤት አይደለም። አሻራ የሚነሡበት ማዕከል አንድ ነው፣ የግሪን ካርድና የዜግነት ኢንተርቪው የሚደረግበት ፊልድ ኦፊስ ሌላ ነው፣ የጥገኝነት (አሳይለም) ቢሮ ደግሞ ለብቻው ነው። ማመልከቻ በፖስታ የሚላክበት አድራሻ ከሦስቱም ጋር አይገናኝም። ፍርድ ቤቱ ጭራሽ በሌላ መሥሪያ ቤት ሥር ነው።

ይህን መለየት የሚያስፈልገው ፊልድ ኦፊሱ ስለራቀ የአሻራ ማዕከሉም ርቋል ማለት ስላልሆነ ነው። የአሻራ ማዕከላት ከፊልድ ኦፊሶች በቁጥር ስለሚበልጡ ብዙ ጊዜ ቀረብ ይላሉ። የጥገኝነት ቢሮዎች ግን ጥቂት ናቸው፤ አንዱ ቢሮ ብዙ ግዛት ይሸፍናል። ከእነሱ ርቀው ለሚኖሩ አመልካቾች መኮንኖቹ ራሳቸው ወደ አንዳንድ ፊልድ ኦፊስ እየተጓዙ ኢንተርቪው ያደርጋሉ፤ ቦታው ቀረብ ይላል፣ ተራው ግን መኮንኖቹ የሚመጡበትን ጊዜ ይጠብቃል።

የሚሄዱበትን ቦታ ከጎረቤት ወይም ከጉግል ካርታ ሳይሆን ከደብዳቤዎ ላይ ያንብቡ። ካርታው ላይ የቆየ አድራሻ ሊቀር ይችላል።

ደረጃ 2። ቢሮዎን የሚወስነው የመኖሪያ ዚፕ ኮድዎ ነው

በዩኤስሲአይኤስ ድረ ገጽ ላይ የቢሮ መፈለጊያ አለ፤ ዚፕ ኮድ ሲያስገቡ የሚመለከትዎትን ፊልድ ኦፊስ ያሳያል። ክፍፍሉ በርቀት አይደለም። ለምሳሌ ዋሺንግተን ዲሲና ሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው ፌርፋክስ ይሄዳል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ግን ሜሪላንድ ስለሆነ ባልቲሞር ነው።

እዚህ ላይ የሚመጣው ፈተና የታወቀ ነው፦ ቢሮው አጠገብ የሚኖር ዘመድ አድራሻ «መኖሪያዬ» ብሎ መሙላት። አያድርጉት። ፎርሙን የሚፈርሙት እውነት ነው ብለው ነው። ኢንተርቪው ላይ መንጃ ፈቃድዎ፣ የታክስ ወረቀትዎና የኪራይ ውልዎ ሌላ ከተማ ሲናገሩ ጥያቄው ስለ ርቀት መሆኑ ይቀርና ስለ ታማኝነት ይሆናል። ዜግነት የሚጠይቅ ሰው ማመልከቻውን ከማስገባቱ በፊት በዚያ ግዛት ወይም በዚያ የዩኤስሲአይኤስ ዲስትሪክት ቢያንስ 3 ወር የኖረ መሆን ስላለበት ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል።

የሚፈቀደው ሌላ ነው። ፎርሞቹ የመኖሪያና የፖስታ አድራሻን ለየብቻ ይጠይቃሉ። ፖስታ የሚጠፋበት ሕንፃ ላይ ከሆኑ የዘመድዎን ቤት በፖስታ አድራሻነት፣ «በእገሌ በኩል» የሚለውን መስመር ሞልተው መስጠት ይችላሉ። ቢሮው የሚመደበው ግን በመኖሪያዎ ነው።

ደረጃ 3። ኦንላይን አካውንት በራስዎ ኢሜይል ይክፈቱ

የቀጠሮ ለውጥ፣ የቢሮ ለውጥ፣ ተጨማሪ ማስረጃ የሚጠይቅ ደብዳቤ ከፖስታው ቀድሞ አካውንቱ ላይ ሊታይ ይችላል። ሩቅ ለሚኖር ሰው እነዚያ ቀናት ከሥራ ፈቃድ መጠየቂያና አስተርጓሚ ማግኛ ናቸው።

በወረቀት ያስገቡ ከሆነ ለአንዳንድ ፎርሞች የኦንላይን መግቢያ ኮድ የያዘ ደብዳቤ ይላክልዎታል፤ ኮዱን አስገብተው ኬዙን ከአካውንትዎ ጋር ያገናኙ።

ፎርም የሚሞላልዎ ሰው በእሱ ኢሜይል አካውንት እንዲከፍትልዎ አይፍቀዱ። በማኅበረሰባችን ውስጥ ይህ ብዙ ኬዝ አበላሽቷል። ሰውየው ስልክ ሲቀይር ወይም ሳይግባቡ ሲቀሩ ቀጠሮዎ እሱ ዘንድ ይቀራል፣ ይለፍ ቃሉም አይገኝም።

በዚሁ አጋጣሚ የአሜሪካ ፖስታ ቤት በነፃ በሚሰጠው ኢንፎርምድ ደሊቨሪ ላይ ይመዝገቡ፤ በዕለቱ የሚመጡልዎትን ፖስታዎች ፎቶ በኢሜይል ይልክልዎታል። ፎቶው መጥቶ ፖስታው ካልመጣ ወዲያውኑ ያውቃሉ።

ደረጃ 4። ቤት ከቀየሩ በ10 ቀን ውስጥ ያሳውቁ

ሕጉ 10 ቀን ይላል። በኦንላይን አካውንትዎ ውስጥ ያለውን የአድራሻ መቀየሪያ ይጠቀሙ፤ በእጅዎ ያለውን ክፍት ኬዝ ቁጥር ሁሉ እዚያው ያስገቡ። ኤአር-11 የሚባለውን የወረቀት ፎርም በፖስታ መላክ የሕግ ግዴታዎን ይወጣልዎታል፤ ክፍት ኬዝዎ ላይ ያለውን አድራሻ ግን ላይቀይር ይችላል። ብዙ ሰው «አሳውቄ ነበር» እያለ ቀጠሮ የሚያልፈው በዚህ ነው።

ለፖስታ ቤት ብቻ ነግሮ መቀመጥም አይበቃም። የመንግሥት ደብዳቤ ወደ አዲሱ ቤት ከመሻገር ይልቅ ወደ ላኪው ሊመለስ ይችላል።

ሲጨርሱ የማረጋገጫውን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። ወደ ሌላ ግዛት ከተዛወሩ ኬዝዎ ወደ አዲሱ ፊልድ ኦፊስ ይተላለፋል፤ በዝውውሩ ሊዘገይ ይችላል።

ደረጃ 5። መንገድ ከመውጣትዎ በፊት፦ ይህ ከቤት አያልቅም?

*ያለ ቀጠሮ ሄዶ መጠየቅ።* ይቅርብዎ። ፊልድ ኦፊሶች ያለ ቀጠሮ የመጣን ሰው ከበር ይመልሳሉ። በ1-800-375-5283 ይደውሉ፤ ከሰው ጋር መነጋገር የሚቻለው ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ከ8 ኤኤም እስከ 8 ፒኤም ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ነው፤ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው አጠገብዎ ይቀመጥ፣ ማንነትዎን የሚያረጋግጡት ግን እርስዎ ራስዎ ነዎት። በአካል ለመቅረብ ቀጠሮ የሚጠየቅበት ፎርምም ድረ ገጹ ላይ አለ።

*ጊዜው ያለፈ ግሪን ካርድ።* አይ-90 (የካርድ ማደሻ ማመልከቻ) ሲያስገቡ የሚደርስዎ ደረሰኝ የካርዱን ጊዜ በ36 ወር ያራዝማል። በጋብቻ የተገኘ የሁለት ዓመት ካርድ ኖሮዎት ወደ ቋሚ ለማስቀየር አይ-751 ካስገቡ 48 ወር ነው። የዜግነት ማመልከቻ (ኤን-400) ደረሰኝ ደግሞ 24 ወር ይሰጣል። ደረሰኙ ጊዜው ካለፈው ካርድ ጋር አብሮ መያዝ አለበት፤ ብቻውን አይሠራም። ስለዚህ ደረሰኙን አይጣሉ። ፎቶ ኮፒውም ዋናውን አይተካም።

*ካርድ ጠፍቶ ማህተም ሲያስፈልግ።* ማህተሙ የግሪን ካርድ ጊዜያዊ ማስረጃ ነው፤ ቀድሞ ፓስፖርት ላይ ለማስመታት ቢሮ መሄድ ግድ ነበር። ከማርች 2023 ወዲህ ግን ማንነትዎና አድራሻዎ ከተረጋገጠ፣ መዝገባቸው ላይም የሚሆን ፎቶ ካለዎት፣ ማህተም ያለበትን ወረቀት በፖስታ ሊልኩልዎ ይችላሉ። ሲደውሉ «የምኖረው ከቢሮው ርቄ ነው፤ በፖስታ ይላክልኝ» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ሳይጠይቁ ቀጠሮ ከያዙልዎ መንዳትዎ ነው።

*ማመልከቻ ማስገባት።* ኤን-400፣ አይ-90 እና አይ-130 (ቤተሰብ ማምጫው) ኦንላይን ይገባሉ፤ ዋጋቸውም ይቀንሳል። ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 በወጣው ተመን ኤን-400 በወረቀት 760 ዶላር፣ ኦንላይን 710 ዶላር ነው፤ አይ-90 በወረቀት 465፣ ኦንላይን 415። ከመክፈልዎ በፊት የክፍያ ገጹን ይመልከቱ። በወረቀት የሚልኩ ከሆነ ከኦክቶበር 28 ቀን 2025 ጀምሮ ቼክና መኒ ኦርደር መቀበል ቀርቷል፤ በካርድ ለመክፈል ጂ-1450፣ ከባንክ ሂሳብ ለመክፈል ጂ-1650 የሚባለው ቅጽ አብሮ ይገባል። ያለ እሱ የተላከ ጥቅል ተመልሶ ይመጣል።

ደረጃ 6። ቀኑ ካልተመቸ ከቀኑ በፊት ይቀይሩ

የአሻራ ቀጠሮ በኦንላይን አካውንት ይቀየራል። ቀጠሮው ሊደርስ ከ12 ሰዓት በታች ከቀረው፣ ካለፈ ወይም ቀድሞ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ከሆነ ግን መሣሪያው አይቀበልዎትም። በቂ ምክንያት መጻፍ ያስፈልጋል። ሕመም፣ ቀድሞ የተያዘ ጉዞ፣ ሠርግ ወይም ቀብር፣ የመጓጓዣ እጦት፣ ከአሠሪ ፈቃድ አለማግኘት፣ ደብዳቤው ዘግይቶ መድረስ ተቀባይነት አላቸው። «ሩቅ ነው» ብሎ ብቻ ከመተው «ቢሮው ከቤቴ ይህን ያህል ማይል ነው፣ መኪና የለኝም፣ አውቶቡስ የሚገኘው በዚህ ቀን ነው» ብለው ይዘርዝሩ። ደብዳቤው ዘግይቶ ከደረሰ የፖስታ ቤት ማህተም ያለበትን ፖስታ አይጣሉ፤ ማስረጃዎ እሱ ነው።

ኢንተርቪው ለመቀየር በደብዳቤው ላይ የተጻፈውን መንገድ ይከተሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በጥሪ ማዕከሉ በኩል ነው። የጥገኝነት ኢንተርቪው የሚቀየረው በጥገኝነት ቢሮው በኩል ነው፤ በእርስዎ ጥያቄ ከተላለፈ ለወርክ ፐርሚት የሚቆጠረው ቀን ይቆማል። ያን ሳያስቡ አይቀይሩ።

መቅረት እንደየጉዳዩ ዋጋው ይለያያል። አሻራ ላይ ከቀሩ ማመልከቻው እንደተተወ ተቆጥሮ ሊዘጋ ይችላል፤ ክፍያውም አይመለስም። የዜግነት ኢንተርቪው ላይ ከቀሩ ፋይሉ ይታጠፋል፤ እንዲከፈት መጠየቂያው አንድ ዓመት ነው። የጥገኝነት ኢንተርቪው ላይ መቅረት ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ሊያስተላልፈው ስለሚችል ምክንያትዎን በ45 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያስገቡ።

ደረጃ 7። ፍርድ ቤትና አይስ

ከላይ ያለው የአድራሻ ለውጥ ፍርድ ቤቱን አይነካውም። ለፍርድ ቤቱ ኢኦአይአር-33 የሚባለውን ፎርም በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ያስገቡ፤ ቅጂውም ለመንግሥት ጠበቆች ይደርሳል። አድራሻ መቀየር ፍርድ ቤቱን አይቀይርም። ከቨርጂኒያ ወደ ቴክሳስ ቢዛወሩም ዳኛው የቦታ ለውጥ ጥያቄዎን በጽሑፍ ተቀብሎ እስኪፈቅድ ድረስ የሚቀርቡት ቨርጂኒያ ነው። ከቀሩ በሌሉበት የመባረር ትእዛዝ ይሰጣል። ቀኑን በ1-800-898-7180 ደውለው ኤ-ነምበርዎን በማስገባት በየሳምንቱ ያጣሩ። በቪዲዮ ለመቅረብ መጠየቅም ይቻላል፤ ፈቃዱ እስኪመጣ ግን እንደሚሄዱ ሆነው ይዘጋጁ።

የአይስ ቀጠሮ ስለራቀ አይቀርም። ቤት ከቀየሩ አዲሱን አድራሻ ከቀጠሮው በፊት አሳውቀው ወደ ቅርብ ቢሮ እንዲዛወር ይጠይቁ። የቆየ የመባረር ትእዛዝ፣ እስር ወይም የወንጀል መዝገብ ያለብዎ ከሆነ የትኛውም ቢሮ፣ ለአሻራ እንኳ ቢሆን፣ ከመሄድዎ በፊት ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ይነጋገሩ። ከፎርም ሞዪ ጋር አይደለም።

ደረጃ 8። አንዱን ጉዞ ያዘጋጁ

ለኢንተርቪው የሚያዝ፦

- የቀጠሮው ደብዳቤ ዋናው፣ ከ2 ቅጂ ጋር
- ያለዎት ፓስፖርት ሁሉ፣ ጊዜው ያለፈውም ጭምር
- ግሪን ካርድ ወይም ወርክ ፐርሚት፣ መንጃ ፈቃድ ወይም የግዛት መታወቂያ
- የልደት፣ የጋብቻና የፍቺ ወረቀት ዋናዎቹ፣ ተርጓሚው የፈረመበት የእንግሊዝኛ ትርጉም አብሮ
- የታክስ ወረቀት፤ በጋብቻ ከሆነ አብሮ መኖርን የሚያሳይ አዲስ ማስረጃ
- ተይዘው ወይም ተከሰው የሚያውቁ ከሆነ፣ ጉዳዩ ውድቅ የተደረገ እንኳ ቢሆን፣ የፍርድ ቤቱ ማህተም ያለበት ውሳኔ
- ያስገቡት ማመልከቻ ሙሉ ቅጂ

የአገር ቤት ሰነድ ላይ ያለው ቀን በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ትርጉሙ ላይ የተቀየረው የፈረንጅ ቀን ፎርሙ ላይ ከሞሉት ጋር መግጠሙን አስቀድመው ያስተያዩ። የማይገጥም ከሆነ ማስረጃ አምጡ ተብለው ይመለሳሉ።

አስተርጓሚ ላይ ጊዜ ይስጡ። ከሴፕቴምበር 13 ቀን 2023 ጀምሮ የጥገኝነት ኢንተርቪው በእንግሊዝኛ የማያደርግ ሰው አስተርጓሚውን ራሱ ይዞ ይመጣል። አስተርጓሚው 18 ዓመት የሞላው፣ ሁለቱንም ቋንቋ አጥርቶ የሚያውቅ መሆን አለበት። ጠበቃዎ፣ ምስክርዎ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ሠራተኛ፣ ወይም የራሱ የጥገኝነት ኢንተርቪው ያልተደረገለት ሰው ሊሆን አይችልም። የመጨረሻው ብዙ ሰው ያሳስታል፤ አብሮዎት የሚኖረው ጓደኛ ገና ኢንተርቪው እየጠበቀ ከሆነ አይሆንም። አስተርጓሚው የራሱን መታወቂያ ይያዝ። ሁለተኛ ሰውም በተጠባባቂነት ይነገረው፤ አስተርጓሚ ከቀረ ያለ በቂ ምክንያት እንደቀሩ ሊቆጠር ይችላል።

ለአሻራ ጉዞ ደብዳቤውና ፎቶ ያለው መታወቂያ ይበቃል። ቆዳ ላይ ግን ያስቡ። በጽዳት፣ በሆቴልና በኩሽና የሚሠሩ ሰዎች ጣታቸው በኬሚካል ስለሚላጥ አሻራው ሳይነበብ ይቀርና ድጋሚ ይጠራሉ። ከሳምንት በፊት ጀምረው ጓንት ያድርጉ፣ ማታ ማታ እጅዎን ቅባት ይቀቡ፤ በዕለቱ ግን ቅባቱን ታጥበው ይግቡ።

መንገዱ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ከሆነና ቀጠሮው ጠዋት ከሆነ ከዋዜማው ሄዶ ማደር ይሻላል። በአውሮፕላን የሚሄዱ ከሆነ ከሜይ 7 ቀን 2025 ወዲህ ሪያል አይዲ ያልሆነ (የፌዴራሉን መስፈርት የማያሟላ) መንጃ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ ወይም ወርክ ፐርሚት ይቀበላሉ። ክረምት ከሆነ ከመነሣትዎ በፊት የዩኤስሲአይኤስን የቢሮ መዘጋት ገጽ ይክፈቱ፤ በበረዶ ከተዘጋ ቀጠሮው በራሱ ይቀየራል። ቢሮው ክፍት ሆኖ መንገዱ የእርስዎ ዘንድ ከተዘጋ ግን ደውሎ ማሳወቅ የእርስዎ ነው።

አድራሻውን ሦስት ጊዜ ያጣሩ፦ ደብዳቤው ሲደርስ፣ ከሳምንት በፊት፣ በዋዜማው። ቢሮው ደብዳቤዎ ከወጣ በኋላ ተዛውሮ ከሆነ አዲስ ደብዳቤ ይላካል፤ የሚሠራው በቅርብ ቀን የወጣው ደብዳቤ ነው።

ደረጃ 9። ከቢሮው ከመውጣትዎ በፊት

የዜግነት ኢንተርቪው ካለፉ «መሐላው ዛሬ ሊሆን ይችላል?» ብለው ይጠይቁ። አንዳንድ ቢሮ በዕለቱ ያስምላል፤ አንድ ሙሉ ጉዞ ይቀርልዎታል። ማመልከቻው ላይ ስም መቀየር ከጠየቁ ግን መሐላው በፍርድ ቤት ዳኛ ፊት መሆን ስላለበት በዕለቱ አይሆንም። የአያትን ስም ለማስተካከል ብለው የሚጠይቁ ይህን አስቀድመው ያውቁት።

የዜግነት ምስክር ወረቀቱን ተቀብለው ከመፈረምዎ በፊት ስምዎን በፊደል በፊደል፣ የልደት ቀንዎን በአኃዝ በአኃዝ ያንብቡ። እዚያው ከተገኘ ስሕተቱን ባለሙያው ያያል፤ ቤት ደርሰው ካገኙት ግን ኤን-565 የሚባል ማመልከቻና የወራት ጥበቃ ነው። ከዚያ በኋላ ፓስፖርቱ በሰፈርዎ ፖስታ ቤት ይጠየቃል።

ሰው ደጋግሞ የሚሳሳትባቸው

*ሰዓት።* ደብዳቤው 9፡00 ኤኤም ሲል ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ለአስተርጓሚው ወይም ለሚያደርስዎ ሰው በቃል «ዘጠኝ ሰዓት» ካሉት በእኛ ቆጥሮ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። የደብዳቤውን ፎቶ ይላኩለት።

*ቀን።* 03/09 ማለት ማርች 9 ነው፣ ሴፕቴምበር 3 አይደለም።

*የሰዓት ክልል።* ቴነሲ፣ ኬንታኪ፣ ኢንዲያናና ደቡብ ዳኮታ ሁለት ሁለት የሰዓት ክልል አላቸው። ደብዳቤው የሚናገረው ቢሮው ባለበት ሰዓት ነው።

*እጅግ ቀድሞ መድረስ።* ቀድመው ይድረሱ፣ ግን መኪና ውስጥ ይቆዩ፤ ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ ቀድመው ቢሰለፉ አያስገቡም።

*የቤተሰብ ቀጠሮ።* ባልና ሚስት፣ ልጆችም ጭምር፣ የየራሳቸው ደብዳቤ አላቸው፤ ሰዓቱ አንድ ላይሆን፣ ቀኑም ሊለያይ ይችላል። ቀናቱ ከተለያዩ የአንዱን ወደ ሌላው ቀን ለማስጠጋት በደረጃ 6 መሠረት ይጠይቁ፤ መልስ ሳያገኙ ግን ሁሉንም ጭነው በአንዱ ቀን አይሂዱ።

*በቦርሳ የቀረ ዕቃ።* ቢላዋና የሚረጭ በርበሬ ጥበቃው ላይ ያስመልሳል። መኪና ከሌለዎት የሚያስቀምጡበት ቦታ ስለማይኖር ከቤት ሲወጡ ቦርሳውን ይፈትሹ።